የአፋር ጨው፣ የባህር ውሃና የመስታወት ገንዳ

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሰመራ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት። ከአፍዴራ ተነስተው በሰርዶ፣ በሰመራና በሚሌ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያመሩ ጨው የጫኑ ተሽከርካሪዎች ይህችን ከተማ አቋርጠው ያልፋሉ። የአገሪቱ ሕዝብ በየዕለቱ ከሚመገበው ጨው አብዛኛው የሚመረተው በአፋር ክልል በመሆኑ፣ በዚህ መስመር የሚጓጓዘው ምርት እጅግ ርቀው በሚገኙ የገጠር ማዕድ ቤቶች ጭምር የሚደርስ ነው።

ይህ ጨው መነሻው ባህር ነው ሲባል፣ በባህር ውሃ ውስጥ ያለው ሁሉ በጨው ውስጥ ይገኛል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። አስተሳሰቡ ግን ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን ያሳስታል። አንደኛው በቤቱ የመስታወት ገንዳ ወይም አኳሪየም ውስጥ የባህር ዓሣና ኮራል ለማኖር የሚሻ፣ ጨው በአገር ውስጥ ሞልቶ ሳለ ከውጭ የሚመጣ የባህር ጨው ቅልቅል ለምን እንደሚገዛ የማይገባው ሰው ነው። ሁለተኛዋ ደግሞ ጨው ከባህር የወጣ ስለሆነ አዮዲን አያጣም ብላ የምታምን እናት ናት። የመጀመሪያው ስህተት ዓሣና ኮራል ይገድላል፤ የሁለተኛው ዋጋ የሚከፈለው በሕፃናት አእምሮ ነው። ሁለቱንም ለመረዳት የሚያስፈልገው እውቀት ግን አንድ ነው፤ እርሱም ባህር ሲደርቅ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚሄድ ማወቅ ነው።

ባህሩ የሄደበት ምድር

በሰሜናዊ አፋር የሚገኘው የደናክል ረባዳ ምድር ከባህር ወለል በታች እስከ 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ቀይ ባህር በዙላ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ እየገባ ይህንን ሥፍራ በተለያዩ ዘመናት አጥለቅልቆት እንደነበር የሥነ ምድር ጥናቶች ያመለክታሉ። ከእነዚህ መጥለቅለቆች የመጨረሻው የዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ የደረሰው እንደሆነ ይገመታል። ለዚህም ማስረጃ የሆነው በረባዳው ምድር ዳርቻ ዛሬም የሚታየው የኮራል አለት ነው። ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባህር እንስሳት ከውሃው ውስጥ ካልሲየም እየወሰዱ የኖራ አለት የሚገነቡ ሲሆኑ፣ በአንድ ሥፍራ በብዛት ሲከማቹ ሪፍ የሚባለውን የባህር ውስጥ አጥር ይሠራሉ። የዛሬው ጨዋታ ወዳድ በመስታወት ገንዳ ሊያኖረው የሚመኘው ዓይነት ሕይወት በአንድ ወቅት በአፋር ምድር ላይ በተፈጥሮ የበቀለ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ውሃውም ተነነ። የቀረው የጨው ንጣፍ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ይገመታል። ከአሳሌ ሐይቅ ዳርቻ በእጅ እየተጠረበ በግመል የሚጫነው፣ አርሆ በሚባለው ቅፍለት ወደ በራህሌና ወደ መቀሌ ሲጓዝ የኖረው አሞሌ የዚሁ ንጣፍ ፍሬ ነው። አሞሌ ከማዕድ አልፎ በኢትዮጵያ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል መቆየቱም ይታወቃል።

የአፍዴራ ጨው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። የአፍዴራ ሐይቅ ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን በዙሪያው ያሉ ፍል ውሃዎች ይመግቡታል። የውሃው ጨዋማነት ከተለመደው የባህር ውሃ በአራት እጥፍ ይበልጣል። አምራቾች ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ገንዳዎች ያሰራጩታል፤ የአካባቢው ፀሐይና ነፋስ ቀሪውን ሥራ ይሠራሉ። ሐይቁ ይህን ያህል ጨዋማ ቢሆንም ፍል ውሃዎቹ በሚገቡበት ዳርቻ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት የዓሣ ዝርያዎች ይኖሩበታል። ከመካከላቸው አንዱ ዳናኪሊያ የተባለው የዓሣ ወገን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ምድር ነው።

የባህር ውሃ ሲደርቅ

አንድ ኪሎ ግራም የተለመደ የባህር ውሃ በውስጡ 35 ግራም ገደማ የሟሟ ጨዋማ ንጥረ ነገር ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 19.4 ግራም ክሎራይድ፣ 10.8 ግራም ሶዲየም፣ 2.7 ግራም ሰልፌት፣ 1.3 ግራም ማግኒዥየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየምና 0.4 ግራም ፖታሺየም ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ ባይካርቦኔት፣ ብሮማይድ፣ ስትሮንቲየምና ሌሎችም በጥቂቱ ይገኛሉ። የጀርመን ተወላጁ የኬሚስትሪ ሊቅ ዊሊያም ዲትማር፣ ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እ.ኤ.አ ከ1872 እስከ 1876 ባደረገችው ጉዞ ከዓለም ውቅያኖሶች የሰበሰበቻቸውን 77 የውሃ ናሙናዎች መርምሮ እ.ኤ.አ በ1884 ባወጣው ጥናት፣ የጨዋማነቱ መጠን ከቦታ ቦታ ቢለያይም የንጥረ ነገሮቹ ምጣኔ እርስ በርሱ የማይለዋወጥ መሆኑን አሳይቷል። ሰው ሠራሽ የባህር ጨው መሥራት የተቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ምጣኔው በየባህሩ ቢለያይ ኖሮ ለእያንዳንዱ ባህር የተለየ ቀመር ባስፈለገ ነበር።

ውሃው በሚተንበት ጊዜ ግን እነዚህ ንጥረ ነገሮች በአንድነት አይረጉም፤ ተራ አላቸው። መጀመሪያ የሚወርደው የካልሲየም ካርቦኔት ማለትም ኖራ ነው። ቀጥሎ ካልሲየምና ሰልፌት ተጣምረው ጅፕሰም ይሆናሉ። የገበታ ጨው የሚባለው ሶዲየም ክሎራይድ መርጋት የሚጀምረው ውሃው ወደ አንድ አሥረኛው ገደማ ከቀነሰ በኋላ ነው። ማግኒዥየምና ፖታሺየም በአብዛኛው እስከ መጨረሻው በውሃው ውስጥ ሟሙተው ይቆያሉ። ጨው አምራች ኖራውንና ጅፕሰሙን በመጀመሪያዎቹ ገንዳዎች ያስቀራል፣ ሶዲየም ክሎራይዱን ይሰበስባል፣ መራራውን ትርፍ ውሃ ደግሞ ያስወግዳል። ጥሩ የገበታ ጨው የሚባለውም ይህ ልየታ በሚገባ የተካሄደበት ነው፤ ማግኒዥየም የበዛበት ጨው ይመራል፣ እርጥበት እየሳበም ይረጥባል።

እንግዲህ የተሰበሰበውን ንጹህ ጨው መልሶ በውሃ ማሟሟት ባህሩን አይመልስም። በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም የገበታ ጨው የሟሟበት ፈሳሽ በምላስ ሲቀምሱት ከባህር ውሃ ብዙም ላይለይ ይችላል። ኮራል ግን አለቱን የሚገነባበት ካልሲየም የለውም፤ ካልሲየሙን ሟሙቶ እንዲቆይ የሚረዳው ማግኒዥየምም የለውም፤ የውሃውን ኮምጣጣነት የሚከላከለው ባይካርቦኔትም የለውም። ዓሣና ሌሎች የባህር እንስሳትም ቢሆኑ የሰውነታቸው ፈሳሽ ሚዛን የተቃኘው ለሶዲየም ብቻ አይደለም። ምርቱ የአፍዴራ፣ የዶቢ ወይም የውጭ አገር መሆኑ ለውጥ አያመጣም። ጉድለቱ ጨው ከመሆኑ የመጣ ነው።

ብዙ ጊዜ ለዚህ ጥፋት ተጠያቂ የሚደረገው በጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ነው። በእርግጥ በአንድ ኪሎ ግራም 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ያለው ጨው በባህር ውሃ መጠን ሲሟሟ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ አዮዲን ይሰጣል፤ ይህም በተፈጥሮ የባህር ውሃ ውስጥ ካለው 0.06 ሚሊ ግራም በ17 እጥፍ ይበልጣል። ጨው እንዳይጓጉል የሚጨመሩ ኬሚካሎችም አሉ። ይሁን እንጂ አዮዲንም ሆነ ሌላ ምንም ያልተጨመረበት ጨው ቢገኝ እንኳ ለኮራል አይበቃም። ዋናው ችግር በጨው ውስጥ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው።

ቅልቅሉ እንዴት ይመረጣል

ሰው ሠራሽ የባህር ጨው ቅልቅል የሚባለው ሶዲየም ክሎራይድን መነሻ አድርጎ የማግኒዥየም፣ የካልሲየም፣ የፖታሺየም፣ የሰልፌትና የባይካርቦኔት ጨዎችን በባህር ውሃ ምጣኔ አጣምሮ የያዘ ደረቅ ዱቄት ነው። ሊማንና ፍሌሚንግ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1940 ያወጡት ቀመር በቤተ ሙከራዎች ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ እንደ ኢንስታንት ኦሽንና ትሮፒክ ማሪን ያሉ በፋብሪካ የተዘጋጁ ቅልቅሎች ለገበያ በመቅረባቸው ከባህር ርቀው የሚኖሩ ሰዎችም ሪፍ ገንዳ ሊኖራቸው ችሏል።

በመለያው ላይ በቅድሚያ መታየት ያለባቸው ሦስት አሃዞች ናቸው። ቅልቅሉ ወደ 35 ግራም ጨዋማነት ሲሟሟ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዥየሙ ከ1250 እስከ 1400 ሚሊ ግራም፣ በባይካርቦኔት የሚወሰነው አልካላይነት ደግሞ በጀርመን ዲግሪ ከ7 እስከ 11 ቢሆን ለኮራል ተስማሚ ነው። የተፈጥሮ ባህር ውሃ ከእነዚህ መጠኖች ታችኛው ጫፍ ይቀራረባል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ሆን ብለው ከፍ የሚያደርጉት ጠንካራ ኮራሎች አለታቸውን ሲገነቡ ካልሲየሙንና ባይካርቦኔቱን በፍጥነት ስለሚጨርሱት ነው። ዓሣ ብቻ ለሚያኖር ሰው ከፍተኛውን ደረጃ መግዛት ያለጥቅም ማውጣት ነው፤ ተራው ቅልቅል ይበቃዋል። ኮራል ለሚያኖር ሰው ደግሞ ርካሹ ቅልቅል የሚጎድለውን ለየብቻ እየገዙ ለመጨመር ስለሚያስገድድ ቁጠባው ብዙም አይዘልቅም።

በማሸጊያዎች ላይ በደማቅ ቀለም የሚጻፈው "ከ70 በላይ ንጥረ ነገሮች ያሉት" የሚለው ማስታወቂያ ገዢን ሊያባብል አይገባም። የባህር ውሃ ጨዋማነት 99 ከመቶ የሚሆነው ከላይ ከተጠቀሱት ስድስት ንጥረ ነገሮች የሚገኝ ሲሆን፣ ከቀሩት ውስጥ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ መዳብ፣ በጥቂቱ እንኳ ከጨመሩ አከርካሪ የሌላቸውን የባህር እንስሳት ይገድላሉ። አሃዞቹን በግልጽ የሚያስቀምጥና ከማሸጊያ ማሸጊያ የማይለዋወጥ ቅልቅል ብዙ ተስፋ ከሚሰጠው ይመረጣል። ያለማቋረጥ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ መቀያየርም ለእንስሳቱ አይበጅም።

ስሌቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ደረቅ ቅልቅል ጥቂት ውሃ በውስጡ ስለሚይዝ ለአንድ ሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም ያስፈልጋል። 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ለመጀመር ከ3 ኪሎ ግራም ተኩል እስከ 4 ኪሎ ግራም፣ በየሳምንቱ 10 ሊትር እየተቀየረ እንዲቆይ ደግሞ በዓመት 20 ኪሎ ግራም ገደማ ቅልቅል ይፈጃል። ቅልቅሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ይህ ወጪ ገንዳው ከመገዛቱ በፊት መታሰብ ይኖርበታል።

ጨው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚሟሟበት ውሃ ያበላሸዋል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድና ባይካርቦኔት በብዛት መገኘት የተለመደ ነው። ቅልቅሉ የተሰላው ባዶ ውሃን መነሻ በማድረግ ስለሆነ፣ ውሃው ራሱ ብዙ ማዕድን ይዞ ከመጣ አሃዞቹ ሁሉ ይፋለሳሉ። በዚህም የተነሳ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ማጣሪያ ያለፈ ወይም የተጣራ የእንፋሎት ውሃ መጠቀም ይመከራል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ እንዲሁ መግባት የለበትም።

አሟሟቱም ሥርዓት አለው። ጨው በውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ በጨው ላይ አይፈስም። ውሃ በጨው ክምር ላይ ከፈሰሰ በመጀመሪያ የሚሟሟው ጥቂት ፈሳሽ እጅግ ስለሚወፍር ካልሲየሙና ባይካርቦኔቱ ተጣምረው ነጭ ደመና መስለው ይረጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቢያማስሉት አይመለስም። በሰፊው የአፋር ምድር ኖራውን ከሌላው ጨው የለየው ሂደት በባልዲ ውስጥ በደቂቃዎች ተፈጸመ ማለት ነው። ለምግብ አገልግሎት በሚውል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በፓምፕ እያንቀሳቀሱ ቀስ በቀስ መጨመር፣ ለበርካታ ሰዓታትም ማቆየት ተገቢ ነው። የነሐስ፣ የመዳብና የዚንክ ቅብ ዕቃዎች መራቅ አለባቸው።

መጠኑን ለማወቅ በብርሃን ስብራት የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ከተንሳፋፊው ሃይድሮሜትር የተሻለ ነው። የባህር ውሃ አንጻራዊ ጥግግት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.026 ገደማ ነው። ሃይድሮሜትር የሚሠራው ለአንድ ሙቀት ተለክቶ በመሆኑ እንደ ሰመራ ባለ ሞቃት ሥፍራ፣ ውሃው 35 ዲግሪ በደረሰበት ክፍል ውስጥ፣ ከእውነቱ ዝቅ ያለ ንባብ ይሰጣል። ባለቤቱም ጨው የጎደለ መስሎት ይጨምራል።

የአዋሽ ሸለቆ ከተሞች ሙቀት በራሱ ትልቅ ፈተና ነው። አብዛኞቹ የሪፍ ኮራሎች የሚስማማቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ያለው ውሃ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ በውስጣቸው የሚኖሩትንና የሚመግቧቸውን ጥቃቅን አልጌዎች አውጥተው ይነጣሉ፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። በሰመራ በሰኔና በሐምሌ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚያ ገንዳ የሚያቆም ሰው ከጨው ምርጫ በፊት ስለ ማቀዝቀዣውና መብራት ሲጠፋ ስለሚያገለግለው መጠባበቂያ ማሰብ ይኖርበታል። ከፍተኛ ሙቀት ትነትንም ያፋጥናል። ከገንዳው የሚተነው ንጹህ ውሃ ነው፤ ጨው አይሄድም። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው የአፍዴራን የጨው ገንዳ በቤቱ መሥራት ጀምሯል። የሚሞላው ጨው በሌለበት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

ጠንካራ ኮራሎች ሳይቴስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ የተመዘገቡ በመሆናቸው ከአገር አገር የሚዘዋወሩት በፈቃድ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት።

ጨዋማ ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም

አዋሽ ወንዝ ባህር ሳይደርስ የሚቀር ወንዝ ነው። ከደጋው የሚያመጣውን ማዕድን ይዞ በጂቡቲ ድንበር በሚገኘው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። የአቤ ውሃ ጨዋማ ቢሆንም ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ከባህር ውሃ ጋር አይመሳሰልም። ከአዋሽ ከተማ በስተምዕራብ በመተሐራ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅም እንዲሁ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተስፋፍቷል።

በሰሜን፣ በዳሎል፣ ልዩነቱ የበለጠ ይጎላል። በባህር መድረቅ መጨረሻ ላይ የሚረጉት የፖታሺየምና የማግኒዥየም ጨዎች በዚያ ተከማችተው ይገኛሉ፤ ጣሊያኖች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖታሽ ያወጡ የነበረውም ከዚሁ ሥፍራ ነው። ጋእታሌ የተባለው ትንሽ ኩሬ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 433 ግራም የሟሟ ጨው እንዳለው እ.ኤ.አ በ2017 በወጣ ጥናት ተገልጿል። ይህም በምድር ላይ ከተለኩት ውሃዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። የዚህ ኩሬ ጨው ግን በአመዛኙ የካልሲየምና የማግኒዥየም ክሎራይድ እንጂ የገበታ ጨው አይደለም። ከገበታ ጨው የጎደለውን ከዳሎል ማዕድናት በማምጣት ቅልቅሉን በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ይቻል ይሆን ለሚለው ጥያቄ፣ ንጥረ ነገሮቹ በአንድ ክልል መኖራቸው እውነት ነው። በጥሬው ለመጠቀም ግን አይቻልም፤ ብረትና ሌሎች ከባድ ማዕድናት የተቀላቀሉባቸው ስለሆኑ በፋብሪካ ደረጃ መጣራት አለባቸው።

አዮዲን ከባህር ጋር አልቀረም

በመስታወት ገንዳ የሚታየው ጉድለት በማዕድ ላይም አለ፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን እጅግ የከፋ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን እንደሚያስፈልጋቸው የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። በአንድ ሊትር የባህር ውሃ ውስጥ ያለው አዮዲን 60 ማይክሮ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ሊትር የሚገኘው 35 ግራም ጨው አዮዲኑን በሙሉ ይዞ ቢቀር እንኳ፣ ድርጅቱ በቀን እንዳያልፍ በሚመክረው 5 ግራም ጨው ውስጥ የሚገኘው 9 ማይክሮ ግራም ያህል ነው። በተግባር ደግሞ አብዛኛው አዮዲን ከጨው ጋር አይረጋም። ስለሆነም ከባህር የወጣ ጨው ሁሉ፣ የአፋርም ይሁን የቀይ ባህር፣ ካልተጨመረበት በስተቀር አዮዲን የለውም ሊባል ይችላል።

የአዮዲን እጥረት በአንገት ላይ በሚታየው እንቅርት ይታወቃል። እንቅርት ግን ከጉዳቱ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። እጥረቱ በእርግዝና ጊዜ ሲከሰት ጽንስ ማስወረድን፣ ሞቶ መወለድንና በልጁ የአእምሮ እድገት ላይ የማይታረም ጉዳትን ያስከትላል። እ.ኤ.አ በ2005 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 40 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት እንቅርት እንደነበራቸው ተረጋግጧል።

ለችግሩ መባባስ የጨው ምንጭ መቀየር አስተዋጽኦ ነበረው። ኢትዮጵያ እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ ድረስ በአብዛኛው የምትጠቀመው ከአሰብና ከምጽዋ የሚመጣውን ጨው ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር በተቀሰቀሰው ጦርነት ይህ መንገድ ሲዘጋ የአፍዴራ ምርት በፍጥነት ተስፋፍቶ ክፍተቱን ሸፈነ። አገሪቱ ያለጨው አለመቅረቷ ትልቅ ነገር ነበር። በርካታ ትንንሽ አምራቾች በየራሳቸው ገንዳ የሚያመርቱት ጨው ግን አዮዲን ሳይጨመርበት ወደ ገበያ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ በ2011 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤተሰቦች 15 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዓመት የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገድዷል። ውጤቱም እ.ኤ.አ በ2016 በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ታይቷል፤ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤተሰቦች 89 ከመቶ ደርሰዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ ማስመዝገብ በየትኛውም አገር ቀላል አይደለም። አሃዙ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በጨው ውስጥ አዮዲን መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ በቂ መሆኑ ሌላ ነው። በቤተሰብ ደረጃ በቂ የሚባለው በአንድ ኪሎ ግራም ጨው ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም ሲኖር ሲሆን፣ በዚያው ዘመን በተደረገ የንጥረ ምግብ ጥናት ይህንን መስፈርት ያሟላው ጨው ከግማሽ በታች ነበር። ምክንያቱ ከአጨማመሩ ጋር የተያያዘ ነው። ፖታሺየም አዮዴት በእጅ በሚያዝ መርጫ በጨው ክምር ላይ ሲረጭ ከላይ ያለው ይበዛበታል፤ ከሥር ያለው ምንም ላያገኝ ይችላል። ቅልቅሉ አስተማማኝ የሚሆነው ጨው ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በማሽን ሲዋሃድ ነው።

ለኢትዮጵያ ጨው ከአዮዳይድ ይልቅ አዮዴት የሚመረጠው ሙቀትንና እርጥበትን ይበልጥ ስለሚቋቋም ነው። ይሁንና እርሱም ቢሆን ጨው ክፍት ሆኖ ፀሐይ ላይ ሲቆይ፣ ሲረጥብና በተለይም ማግኒዥየም ሲበዛበት ይቀንሳል። ከአፍዴራ እስከ አዋሽ ያለው ጉዞ በበረሃ የሚካሄድ በመሆኑ የተጫነው ጨው መሸፈኑና በታሸገ ከረጢት መሆኑ ለሸማቹ ጤና ልዩነት ያመጣል።

ሸማቹ በሚገዛበት ጊዜ የአምራቹ ስም፣ የተመረተበት ቀንና አዮዲን የተጨመረበት መሆኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው መምረጥ ይችላል። በገበያ የሚገኘው የጠብታ መመርመሪያ ጨው ላይ ሲንጠባጠብ ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ከተለወጠ አዮዲን መኖሩን ያሳያል፤ መጠኑን በትክክል የሚለየው ግን የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው። አሞሌ በአንዳንድ አካባቢዎች ለማዕድም ይውላል። አዮዲን ያልተጨመረበት በመሆኑ ግን ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ባሉበት ቤት ለከብቶች ማላሻ ቢተው ይሻላል። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባህር ጨው ቅልቅልም በምንም ዓይነት ለምግብ መዋል የለበትም።

በቤት ውስጥ ደረቅ ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጣል። አሸዋና አቧራ ለማስወገድ ሲባል ደቃቁን ጨው በውሃ ማጠብ አዮዲኑን አብሮ ይወስደዋል። ወጥ ውስጥም በመጀመሪያ ሳይሆን ሊወጣ ሲል ቢጨመር የሚተርፈው አዮዲን ይበልጣል። በአንድ ኪሎ ግራም 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ካለው ጨው በቀን 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ለአዋቂ ሰው የሚያስፈልገውን 150 ማይክሮ ግራም ይሰጣል።